ሴራሚኩ እስከ የት ይውጣ

ባሌ መሃል ሰፋሪ ነው። ልሳደብ ብዬ አይደለም፤ ራሱም ያውቀዋል። ሻይህ ስኳር ይብዛበት ይነስበት ሲሉት «መካከለኛ»፣ መስኮቱ ይከፈት ይዘጋ ሲሉት «ገርበብ ይበል»፣ ከእናትህና ከሚስትህ ማን ልክ ነው ሲሉት ደግሞ ጫማውን አጥልቆ ይወጣል። የኩሽናችን ግድግዳ ሴራሚክ እስከ የት ይውጣ የሚል ክርክር የተነሳ ዕለትም «እስከ ወገብ ይበቃል» ብሎ ዞር አለ። የማን ወገብ እንደሆነ ግን አልተናገረም።

በእኛ ቤት የሁሉም ሰው ወገብ አንድ ቦታ አይደለም። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም። እናቱ አጠር ደልደል ያሉ ናቸው። እኔ ደግሞ አምና ከደረጃ ወድቄ አከርካሪዬ ከተጎዳ ወዲህ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ሐኪሞቹ «ተስፋ አይቆረጥም» ይሉኛል። እሺ፣ አልቆርጥም፤ ግን ተስፋ እየጠበቅሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም።

ከመውደቄ በፊት ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ እየሠራሁ እልክ ነበር። ሰዉ ምሳዬን ይወደው ነበር፤ ጉራ አይደለም፣ ዛሬም ድረስ እየደወሉ «መቼ ትጀምሪያለሽ?» ይሉኛል። ስለዚህ የምመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ሽንኩርት ከመላጥ ጀምሬ ግድግዳ እስከ መወልወል ድረስ ማንንም የማልጠራበት፣ «እባካችሁ አቀብሉኝ» የማልልበት፣ ራሴ ጀምሬ ራሴ የምጨርስበት ኩሽና። ሰው ሁሉ መኪና ይመኛል፣ ፎቅ ይመኛል፤ የእኔ ምኞት ይኸው ነበር።

አናጢው መጥቶ ምድጃውና የዕቃ ማጠቢያው ያሉበትን ረጅም መደብ ዝቅ አደረገልኝ፤ ጉልበቴ ከሥሩ እንዲገባም የታችኛውን ሳጥን አወጣው። ወንበሬን ገፍቼ ከምድጃው ፊት ስደርስ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ችግሩ መደቡ ሲወርድ የድሮው ሴራሚክ እዚያው ላይ ቀረ። ሱሪው አጥሮበት ቁርጭምጭሚቱ የወጣ ሰው መሰለ። ያንን የመሰለ ሴራሚክ ብንፈልግ ብናስፈልግ ታጣ፤ ሁሉም ተፈነቀለና ግድግዳው እንደ አዲስ ተለስኖ ራቁቱን ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ ልናገር። ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዘው «ጥቂት ቀን ላስታምምሽ» ብለው መጡ። ጥቂት ቀኑ ዓመት አለፈው። ባሌ ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ ስለሚሄድ ከአልጋ የሚያነሱኝ እሳቸው፣ የሚያጥቡኝ እሳቸው፣ ስነጫነጭ የሚችሉኝ እሳቸው ነበሩ። መነጫነጭ ደግሞ ተክኜበታለሁ። ምስጋና ግን አይወዱም። «አመሰግናለሁ» ስላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው፤ ደግሜ ካልኩም «ሂጂና ለባዕድ ንገሪው» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እሳቸው ቤት ሰው ሰውን ካመሰገነ ተጣልቷል ማለት ነው። ልጃቸውም ያደገው እንደዚያው ነው፤ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲያመጣላቸው «ቁጭ በልና ብላ» ነው ያሉት አሉ።

እወዳቸዋለሁ። ደግሞም ቆሽቴን ያሳርሩታል። ሁለቱም እውነት ነው። ኩሽናዬ ውስጥ ቆመው ሲያበስሉ እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ «ጨው አልበዛም?» ስል «አንቺ ቅመሺው እንጂ አታውሪው» ይሉኛል። ደግሞ አይበዛም፤ የሚያናድደው እሱ ነው።

ሴራሚክ ሠሪው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ልክ ይለዋል፤ ያቺን ባለ አረፋ መስመር መለኪያ ዕቃውን ከእጁ ስለማይለያት ብቻ ሳይሆን ጠመም ያለ ነገር ካየ መቀመጥ ስለማይሆንለት። ገና ሳሎን ሲገባ የተሰቀለውን የሠርጋችንን ፎቶ ቀና አደረገና ነው «እንደምን ዋላችሁ» ያለው።

«እሺ እትዬ፣ እስከ የት ይውጣ?» አለኝ፣ ከራቁቱ ግድግዳ ፊት ቆሞ።

ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ ልስኑን በጣቴ ነካሁ። «እስከዚህ። ከዚያ በላይ ቀለም ይቀባል።»

«ዘይቱ እኮ የእርስዎ እጅ የት እንደሚደርስ አይጠይቅም። እስከ መደርደሪያው ድረስ ይረጫል።»

«እሳቱን እቀንሳለሁ።»

«እስከ ጣሪያ!» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። አማቴ ነበሩ፤ የድንች ሳህን ታቅፈው።

«እማማ፣ ጣሪያው ላይ ማን ነው የሚያበስለው?»

«እንፋሎቱ ነዋ! እንፋሎት ወደ ታች ሲወርድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሺ ጣሪያ ድረስ ማን ይወለውለዋል?»

«እኔ አለሁ አይደል!»

ይቺ ናት ያበገነችኝ። በደግ ልብ እንደተናገሩት አውቃለሁ፤ ግን ከእጄ በላይ የሚለጠፍ ሴራሚክ ሁሉ ለእኔ ሰው መጥራት ያለብኝ ሴራሚክ ነው። ያ ግድግዳ በቆሸሸ ቁጥር አንገቴን ቀና አድርጌ ቆሻሻውን እያየሁ ሰው ልጠብቅ ነው። ያንን ደግሞ ዓመት ሙሉ ጠብቄዋለሁ፣ በቅቶኛል።

«እማማ፣ ዕድሜ ልክዎን እዚህ ሊቆሙ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

እርስዎም ይረፉ እንጂ ለማለት ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን ጠሞ ወጣ፤ ውሃ ልክ እንኳ ሰማውና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። አማቴ የድንቹን ሳህን መደቡ ላይ አስቀመጡና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ልከተላቸው ብዬ ወንበሬን ሳዞር የአናጢው ፍርስራሽ ጎማዬን ያዘው፤ እሱን እስካስለቅቅ በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ያቺን ትንሽ ሻንጣ ከአልጋ ሥር አውጥተው አቧራዋን ሲጠርጉ አገኘኋቸው።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«አሁን እኮ ደህና ነሽ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ከአልጋ በራስሽ ትወርጃለሽ፣ መደቡም ወርዶልሻል። ሴራሚኩ ሲያልቅ እኔም ወደ ቤቴ ልግባ። ቤት ሰው ካልኖረበት ይበላሻል።»

«ማን ይሂዱ አለዎት?»

«ማንም።»

ቁጣ ቢሆን እመልስለት ነበር፤ ቁጣ እችላለሁ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው የሻንጣዋን ዚፕ ይሞክሩ ነበር፤ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ምን ልበል? ማንንም የማልጠራበት ኩሽና ስመኝ የከረምኩት እኔ አይደለሁም? ይኸው ሊሰጠኝ ነው። ለምን ታዲያ ደስ እንዳላለኝ ለራሴም አልገባኝም፤ ወንበሬን አዙሬ ወጣሁ።

ባሌ ያን ቀን እረፍት ነበር። ነገሩን ስነግረው ራሱን አከከና «ትንሽ ቆይታ ትሄድ ይሆናል» አለ። መካከለኛ። የያዝኩትን የሻይ ማንኪያ ወረወርኩበት፤ ቀለበውና ሳሎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ውሃ ልክ ሲመጣ ቤቱ እንደዚያ ኩርፊያ ላይ ነበር። ዕቃውን አራገፈ፣ ማጣበቂያውን በባልዲ በጠበጠ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ የቁመቱን ነገር ማንም እንደማያነሳለት ገባው።

«ጨርቅ አላችሁ?» አለ።

«የምን ጨርቅ?»

«መወልወያ። እኔ እንዲህ ያለ ክርክር ሲገጥመኝ ሜትሬን አጥፌ አስቀምጣለሁ። ልስኑ ደረቅ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል የነካችሁት ይታያል። ኩሽናው ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ይወልውልና የደረሰበትን እናያለን። ከዚያ በኋላ ተጣሉ።»

የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱ ግን እንደ ውሃ ልኩ ቀጥ ያለ ነው። ጨርቁን አርጥቦ መጀመሪያ ለእኔ ሰጠኝ። ወንበሬን እስከ መደቡ አስጠግቼ፣ ከወገቤ ተመዝዤ፣ ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ ወለወልኩ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ያለ ቅስት ወጣ። ትንሽ እንዲጨምርልኝ አንገቴን ሁሉ አስረዘምኩ፤ ውሃ ልክ «ያለ ማጭበርበር፣ እትዬ» አለና ከጫፉ ላይ በእርሳስ አሰመረ።

ቀጥሎ ባሌ። «እኔ እኮ አላበስልም» ቢልም ጨርቁን ጣልኩበት። ሳይንጠራራ እንኳ ከጣሪያው ሥር ደረሰ። ያ ሁሉ ቁመት ኩሽና ውስጥ ያለ ሥራ መኖሩ ቢያናድደኝም ሳቄ መጣ።

«እማማ፣ የእርስዎ ተራ» አለ ውሃ ልክ።

«እኔ ሂያጅ ነኝ፣ ምን ያደርግልሃል?» አሉ ከበሩ ላይ።

«እማማ፣ በሞቴ!» አልኳቸው። ለመታረቅ ያህል ነበር። «ከዚህ ቤት ከእርስዎ በላይ እዚህ ቆሞ የሠራ ማን አለ?»

ከዚያ ገቡና ጨርቁን በግራ እጃቸው ተቀበሉ።

«በሚሠሩበት እጅ ያድርጉት» አለ ውሃ ልክ። «ትናንት ሽንኩርት ሲከትፉ በቀኝዎ ነው ያየሁዎት።»

አማቴ ጨርቁን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። ግድግዳው ላይ አሳረፉት። ክንዳቸው ከደረታቸው ትንሽ ከፍ አለና ቆመ። እንደገና ሞከሩ። በግራ እጃቸው የቀኙን ክርን ከሥር ይዘው ገፉት፤ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ክንዳቸው ግን ከዚያ አላለፈም። ጨርቁ ከእጃቸው አመለጠና ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ጧ ብሎ ወደቀ።

ግድግዳው ላይ የቀረው ቅስት ከእኔ ቅስት በታች ነበር። እሳቸው ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ።

«እማዬ፣ ቀልድሽን ተዪ እንጂ» አለ ባሌ።

አልቀለዱም።

አንድ ጠዋት ትዝ አለኝ። ከሆስፒታል በወጣሁ ሰሞን ነው፤ ያኔ እንደ ጆንያ ነበርኩ፣ ራሴን አንድ ጣት ማገዝ አልችልም ነበር። አማቴ ክንዳቸውን በብብቴ ሥር አሳልፈው ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያነሱኝ መሃል ላይ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ደንግጬ «ምንድን ነው?» ስላቸው «የአልጋው እግር ነው፣ አይዞሽ» አሉኝ። ሳይለቁኝ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ውሃ ልጠጣ ብለው ወጡና ትንሽ ቆዩ። ማታ ባሌ መፍቻ ይዞ የአልጋውን ብሎን ሁሉ አጠበቀ። እናቱ አጠገቡ ቆመው «እዚያ ጋ፣ እሱን ደግሞ» እያሉ ያሳዩት ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንት ወር አነሱኝ! በዚያ ትከሻ!

«እማማ» አልኳቸው፣ «የአልጋው እግር አልነበረም።»

«እርጅና ነው» አሉ። «ሰው አያረጅም እንዴ?»

«የአልጋው እግር አልነበረም!» ብዬ ጮህኩ። ስናደድ ነው እንባዬ የሚመጣው፤ ያን ጊዜም መጣ። ባሌ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ያያል። ነገሩን በቁጣም በልቅሶም ስነግረው እዚያው ካለው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ፤ ያ ረጅም ሰውዬ እጥፍጥፍ ብሎ። ውሃ ልክ ድምፁን ሳያሰማ ባልዲውን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ።

«ለምን አልነገርሽንም?» አለ ባሌ።

«ብነግርህ ማን ሊያነሳት ነው? አንተ ሥራህን ልትተው ነው? ሰው ልትቀጥር ነው? ሰው ደግሞ እንደ ዕቃ ነው የሚያነሳት።»

እኔ ወንበሬን ገፍቼ ፊታቸው ሄድኩ። መንበርከክ ብችል ጉልበታቸውን እስም ነበር፤ ደግነቱ ወንበሬ ዝቅ ያለ ነው፣ ደረስኩ።

«አመሰግናለሁ» አልኳቸው።

«ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ ለባዕድ...»

«ዝም አልልም! ዛሬ አልልም! ይሰሙኛል። በየጠዋቱ ስላነሱኝ አመሰግናለሁ። ሰውነቴን እኔ ሳፍርበት እርስዎ ሳያፍሩበት ስላጠቡኝ አመሰግናለሁ። መኖር ጠላሁ ብዬ ሾርባውን የደፋሁ ቀን ሌላ ሾርባ ስለሠሩ አመሰግናለሁ። እኔ በእርስዎ ትከሻ ነው በሕይወት ያለሁት። እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔ የምሰጥዎት የለኝም።»

አማቴ ፊታቸውን ለማዞር ሞከሩ። ከኋላቸው መደቡ፣ ከፊታቸው እኔ፣ በጎን ልጃቸው ከረጢት ላይ ተዘርፍጦ፤ የሚዞሩበት ቦታ አልነበረም። ፊታቸው ቀስ እያለ እንደ ሕፃን ተሸበሸበ።

«እኔ ደግሞ እስከ ጣሪያ ያልኩት ለምን መሰለሽ?» አሉ። «እጅሽ የማይደርስበት እንዲኖር ነው። ሁሉ ቦታ ከደረስሽማ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ? እቤቴ ብገባ የሚጠብቀኝ ወንበርና ሬድዮ ነው። እዚህ ጠዋት ስነሳ የምነሳለት ነገር አለ። ከፍ ብሎ ቢሠራ፣ እሳቸው ይወልውሉት ትሉና እቀራለሁ ብዬ ነው። ክንዴ እንደማይወጣ እያወቅሁ! ሞኝ አይደለሁ?»

ይኸውላችሁ። እኔ ሰው የማያስፈልገኝ ኩሽና ልሠራ፣ እሳቸው የሚያስፈልጉበት ኩሽና ሊያሠሩ፣ ሁለታችንም በአንድ ግድግዳ ላይ ስንጓተት ከርመናል።

«እማማ፣ እዚህ ለመቀመጥ ምክንያት አያስፈልግዎትም» አልኳቸው። «ሻንጣዋን አቃጥላታለሁ።»

«እንዳትነኪያት፣ ደህና ሻንጣ ናት» አሉ፤ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ሴራሚኩ በዚያ ቀን አልተሠራም። የተበጠበጠው ማጣበቂያ በባልዲው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆነ፤ ውሃ ልክ ግን አንድ ቃል አልተናገረም፣ እንዲያውም ሲወጣ የሠርጋችንን ፎቶ እንደገና አስተካከለ። ባሌ እናቱን ይዞ ክሊኒክ ሄደ። ያን ቀን መካከለኛ የሚባል ነገር አልነበረም፤ «ትገቢያለሽ፣ ትታያለሽ፣ አበቃ!» ሲላቸው ድምፁን ከሳሎን ሰማሁና እኔም ደነገጥኩ።

ትከሻቸው ጅማቱ ተጎድቶ፣ ሳይታከም ስለቆየ ከነመገጣጠሚያው ደርቋል አሉ። የአካል ሕክምና ባለሙያዋ መልሶ እንደሚፈታ፣ ግን ትዕግሥት እንደሚፈልግ ነገረቻቸው። የሰጠቻቸው ሥራ ቀላል ነበር። በየቀኑ ከግድግዳ ፊት ቆመው ጣታቸውን እንደ ጉንዳን እያስኬዱ ወደ ላይ መውጣት፤ ሲያማቸው እዚያው ቆም ማለት፤ በነጋታው ትንሽ ጨምሮ መሞከር።

«ግድግዳ ላይ እንደ ጉንዳን ሂጂ አለችኝ» አሉ ሲመለሱ፣ እንደ ስድብ ቆጥረውት። «በዚህ ዕድሜዬ!»

ማታ እራት ላይ ስለ ጉንዳኑ እየሳቅን ሳለ ልቤ ወደ ኩሽናው ሄደ። ሴራሚክ ረድፍ አለው። አንዱ ካንዱ በላይ፣ እኩል እኩል የተደረደረ፤ ጣት ትናንት የት እንደቆመ፣ ዛሬ የት እንደደረሰ ይለይበታል። ባዶ ቀለም ላይ ጉንዳን መንገዷ ይጠፋታል።

ውሃ ልክ ተመልሶ ሲመጣ ቀድሜ ጠበቅሁት።

«ቁመቱን ቆርጫለሁ» አልኩት። «ባለቤቴ፣ ና እስቲ። እናትህ ድሮ፣ ደህና ሳሉ፣ እጃቸው እዚህ ግድግዳ ላይ የት ይደርስ ነበር?»

ባሌ አሰበ። «ከላይኛው መደርደሪያ ያለ በርጩማ ዕቃ ታወርድ ነበር» አለና መዳፉን ከመደርደሪያው ሥር ልስኑ ላይ አሳረፈ። «እዚህ።»

«እዚህ ድረስ» አልኩት ውሃ ልክን። «ከዚህ በታችም አይደለም፣ ከዚህ በላይም አይደለም።»

«እትዬ፣ የእርስዎ እጅ እኮ እዚያ አይደርስም» አለ። የዚያን ቀን ክርክር አልረሳውም።

«አውቃለሁ። ከእጄ በላይ ያለውን እጠራለሁ። የምጠራው ሰው አለኝ።»

ይህን ስናገር እንዳልከበደኝ ልብ አልኩ። ዓመት ሙሉ አፌ ላይ የደረቀ ቃል ነበር። አሁን ግን እንደ ሀብት ነው የተናገርኩት፤ የምጠራው ሰው አለኝ ብዬ።

አማቴ «ክንዴ ከእንግዲህ እዚያ አይወጣም፣ አትድከሙ» አሉ። ማንም አልሰማቸውም። አናጢውም ተጠርቶ ከእኔ ጎን ያለውን የመደቡን ሳጥን ደግሞ አወጣው፤ እሳቸው ተቀምጠው የሚከትፉበት ወንበር እንዲገባ። ክንዳቸው እስኪፈታ ድረስ ከፍ ያለውን ግድግዳ የሚወለውለው ረጅሙ ሹፌር እንዲሆን ተወሰነ። «በሳምንት አንዴ?» ብሎ ሲደራደር እናቱ «በየቀኑ!» አሉት። እንደዚያ ሆኖ ጸደቀ።

ውሃ ልክ ሲባጎውን ወጥሮ ረድፍ በረድፍ ለጠፈ። ነጭ ነው፣ ጠርዙ ትንሽ ገባ ያለ፤ መጋጠሚያውን በነጭ ሲሚንቶ ሞልቶ በእርጥብ ጨርቅ ሲያጸዳው ኩሽናው ሁሉ ብርሃን ሆነ። ሲጨርስ ውሃ ልኩን ከላይኛው ረድፍ ላይ አኑሮ ለሁላችንም አሳየን። አረፋዋ መሃል ላይ ቆማለች። «ባለቤቴን ነው የምትመስለው» አልኩት፤ ባሌም ሳቀ።

ሲሚንቶው እስኪደርቅ ጠበቅንና አንድ ጠዋት፣ ምሳ የሚቀበሉኝ ሰዎች እንደገና በሚጀምሩበት ቀን፣ ሽንኩርቱን ምድጃው ላይ ጥጄ ሳማስል አማቴ አጠገቤ መጡ። መቀመጥ ነበረባቸው፤ ግን ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አስኬዱ። አንዱን ረድፍ አለፉ። ሌላውን አለፉ። የእኔ የእርሳስ ምልክት የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ቆሙ።

«በቃ» አሉ። «ዛሬ እዚህ ይብቃኝ።»

እሳቱን ቀነስኩ። ወንበሬን አዙሬ መዳፌን ከክርናቸው ሥር ዘረጋሁ። ክንዳቸው ቀላል ነበር፤ እኔን ያህል ሰው ያነሳ ክንድ እንደዚያ ቀላል ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር።

«ያዝሽኝ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«ያዝኩዎት፣ እማማ። ክብደትዎን ይጣሉብኝ።»

ጣሉብኝ። ከሥር ገፋሁ፣ ቀስ አድርጌ፤ ጣታቸውም የቀጣዩን ረድፍ ጠርዝ ያዘ።